«በጥቂት ገንዘብ» ስለ ተባለው ትምህርት ቤት፤ የባኮና የጂንካን የወንጌል ትምህርት በሚመለከቱ መጻሕፍት ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ደቡብ ኢትዮጵያ የወንጌል ሥራ የተጻፉትን መጻሕፍት የተመለከተ ሰው ሚስዮናውያን በጥቂት ገንዘብ ብዙ ሥራ ሠሩ የሚለውን አሳብ በልዩ ልዩ አነጋገር ደጋግሞ ያገኘዋል። ከሥራዎቹም መካከል የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ማቋቋም ዋነኛው ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመረምረው «ጥቂት ገንዘብ» የተባለውን ቃል ነው። ገንዘቡ ጥቂት የሆነው በማን መዝገብ ነው? በመዝገቡ ያልገባውንስ የከፈለው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ለመመርመር ደቡብ ኦሞን፣ በተለይም ባኮንና ጂንካን መርጫለሁ። አንባቢ እንዳይደናገር አስቀድሜ ላስታውቅ፤ የነገሮቹ ዘመን በእኛ አቈጣጠር ሲሆን፣ መጻሕፍት የታተሙበት ዘመን ግን በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

አገሩን በጥቂቱ ማስተዋወቅ ያስፈልጋል። ባኮ በአሪ ደጋ ላይ ያለች፣ ከምኒልክ ዘመን ዘመቻ በኋላ የመንግሥት ሹማምንትና ነፍጠኞች የተቀመጡባት አሮጌ ከተማ ናት። የአስተዳደሩ መቀመጫ ኋላ ወደ ጂንካ ወረደ፤ ጂንካም የቀድሞው የገሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት አንድ አውራጃ ከተማ፣ ከዚያም የደቡብ ኦሞ ዋና ከተማ፣ ዛሬ ደግሞ የአሪ ዞን መቀመጫ ሆናለች። ከደጋው ላይ እንሰትና እህል፣ ቡናም የሚያለሙ አሪዎች አሉ። በስተምሥራቅ ማሌዎች ይኖራሉ። ወደ ቆላው ሲወርዱ በና፣ ሐመር፣ ፀማይ፣ ካሮ፣ ሙርሲ፣ ቦዲ፣ ኛንጋቶምና ዳሰነች ይገኛሉ፤ የእነዚህም ኑሮ በከብት ወይም በኦሞ ወንዝ ዳር እርሻ ወይም በሁለቱም ላይ የቆመ ነው። ይህን የደጋና የቆላ ልዩነት አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በዚህ አገር በሰፊው የሠራው የሱዳን ኢንቴርየር ሚሽን ነው፤ ሕዝቡ ኤስ.አይ.ኤም. ይለዋል። ማኅበሩ በ1886 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ በሐኪሙ በቶማስ ላምቢ መሪነት ወደ ኢትዮጵያ የገባውና ወላይታ ሶዶ የደረሰው በ1920 ዓ.ም. ነው። ከሌሎች ሚስዮኖች የሚለይበት አንድ ሥርዓት አለው። ለሠራተኞቹ የተቈረጠ ደመወዝ ቃል አይገባም፤ እግዚአብሔር በሰዎች እጅ የሚሰጠውን ይጠብቃሉ። እንዲሁም የአገሩ ተወላጅ ወንጌላዊ ከፈረንጅ ገንዘብ እንዲከፈለው፣ የጸሎት ቤትም በፈረንጅ ገንዘብ እንዲሠራ አይወድም። አዲስ ቤተ ክርስቲያን ራሷን መቻል፣ ራሷን ማስተዳደርና ራሷን ማስፋፋት አለባት ይላል። ትምህርቱ የኤስ.አይ.ኤም. ብቻ አይደለም። ሄንሪ ቬንና ሩፈስ አንደርሰን በ19ኛው መቶ ዓመት አስተምረውታል፤ ሮላንድ አለን በ1912 ባሳተመው መጽሐፍ በብርቱ ተከራክሮለታል። ጆን ኔቪየስ የተባለው የቻይና ሚስዮናዊም በ1882 ዓ.ም. ኮሪያን ጐብኝቶ ይህንኑ ለዚያ አገር ሚስዮናውያን መከረ። ኮሪያ ገበሬዎች በሥራ ፈት ወራት ሩዛቸውን በጀርባቸው ተሸክመው ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ይመጡ ነበር። በደቡብ ኢትዮጵያም የሆነው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ የሩዙን ቦታ በቆሎና ቆጮ ያዘው እንጂ።

እንግዲህ ወደ መጻሕፍቱ። የሬይመንድ ዴቪስ መጽሐፍ በ1966 ታተመ፤ ከሁሉ ይልቅ የታወቀውም እርሱ ነው። ጣልያን በ1929 ዓ.ም. ሚስዮናውያኑን ከወላይታ ሲያስወጣ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ፤ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ አገኙ። ዴቪስ ይህን ተአምር ይለዋል። ተአምር መሆኑን ለመካድ አልተነሣሁም። ነገር ግን «ተአምር» የሚለው ቃል የሒሳብ መዝገብን ይዘጋል፤ ተአምር ወጪው ስንት ነው ተብሎ አይጠየቅምና። ከዴቪስ በኋላ የፒተር ኮተረል መጽሐፍ በ1973፣ የብራያን ፋርገር በ1996፣ የፖል ባሊስኪ ደግሞ በ2009 ታትመዋል። ፋርገር ምርምሩን በ1936 ዓ.ም. ላይ ይፈጽማል፤ ባሊስኪ ግን ከ1929 እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ የወላይታን ወንጌላውያን ተከትሎ ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል፤ ስለዚህ ለእኛ ጉዳይ ከሁሉ የሚጠቅመው የእርሱ ነው፤ ወንጌላዊውንም የታሪኩ ባለቤት ማድረጉ ሊመሰገንበት ይገባል። ሆኖም አራቱም ጸሐፊዎች የዚያው ሚስዮን ሰዎች ናቸው። የቤት ልጅ የቤቱን ታሪክ ሲጽፍ ብዙ የሚያውቀው ነገር አለ፤ የጓዳውን ወጪ ግን እናት ብቻ ታውቃለች።

የጓዳው ወጪ ምን እንደሆነ እንቍጠር። የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ሲባል የአዲስ አበባ ሰው በአእምሮው የሚሥለው የቆርቆሮ ክዳን፣ ዴስክና ደወል ነው። በደቡብ ገጠር ግን ትምህርት ቤቱ ብዙ ጊዜ የሣር ክዳን ያለው የጭቃ ቤት ነበረ፤ የሠሩትም ምእመናኑ ናቸው። ተማሪው ስንቁን ከቤቱ ይዞ ይመጣል፤ ስንቁ ሲያልቅ ተመልሶ ይሄዳል፤ ወይም ዘመድ ያመጣለታል። የሚመጣውም ሕፃን አይደለም። ብዙ ጊዜ ሚስትና ልጆች ያሉት፣ እርሻ ያለው ጐልማሳ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሁለትና ሦስት ወር ከቤቱ ሲለይ ማሳውን የሚጠብቅ፣ ከብቱን የሚያግድ፣ የጐረቤትን የደቦ ብድር የሚመልስ ማን ነው? ሚስቱ ናት፤ ወንድሙ ነው። መጽሐፍ ቅዱሱን፣ ደብተሩንና እርሳሱን የሚገዛበትም ከቡናው ወይም ከበጉ ሽያጭ የሚገኝ ነው። በሚስዮኑ መዝገብ ይህ ሁሉ አልተጻፈም፤ ምክንያቱም ከሚስዮኑ ሣጥን አልወጣም። «በጥቂት ገንዘብ» የሚለው አነጋገር እውነትነቱ እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው። ሚስዮኑ ጥቂት አወጣ፤ ትምህርት ቤቱ ግን ርካሽ አልነበረም።

ምናልባት «ይህማ ባገራችን አዲስ ነገር ነው ወይ?» የሚል ይኖራል። አይደለም። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ እየለመነ ቅኔና ዜማ ሲማር ስንት መቶ ዓመት ኖሯል። ጐጆውንም ራሱ ይቀልሳል። ባለ በጀት የሌለው ትምህርት ቤት ከእኛ ይልቅ የሚያውቀው ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። ይሁን እንጂ ልዩነት አለ። የቆሎ ተማሪን የሚመግበው መንደር የሚሰጠው ለምን እንደሆነ ያውቃል፤ ልመናውም ሥርዓት ያለው፣ የማያሳፍር ነው፤ ሰጪውም በዚያው እምነት ውስጥ የተወለደ ነው። የአሪ ተማሪ ግን ጥቂቶች ብቻ በተቀበሉት አዲስ እምነት ስም የጐረቤቱን ደጅ ሊመታ አይችልም ነበር። ስለዚህ ሸክሙ በሙሉ በራሱ ቤት ላይ ወደቀ። የሁለቱን ሥርዓቶች የስንቅ አሰባሰብ ጐን ለጐን አድርጎ ማየት የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ለሚያጠኑ ጓደኞቻችን የሚገባ ርእስ ነው።

ከስንቁ የሚከብድ ሌላ ወጪ ነበረ፤ እርሱም ቋንቋ ነው። በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚስዮኖች ሥራ የወጣው ደንብ አገሩን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልልና ክፍት ክልል ብሎ ለየ፤ የትምህርቱም ቋንቋ በመላው ኢትዮጵያ አማርኛ እንዲሆን አዘዘ። ሚስዮናውያን አማርኛ እንዲማሩ ግዴታ ገባባቸው፤ በሥራው መጀመሪያ ብቻ በአካባቢው ቋንቋ በቃል እንዲጠቀሙ ተፈቀደ። የደንቡን ፖለቲካ ለጊዜው እንተወው። በባኮ ክፍል ውስጥ ያመጣው ውጤት ምን ነበረ? ተማሪው አሪ ነው። አስተማሪው ብዙ ጊዜ ወላይታ ነው። የወላይታ ቋንቋ በኦሜቶ ክፍል የሚመደብ ሲሆን አሪኛ ከሐመርና ከዲሜ ጋር በሌላ ክፍል ነው፤ ሁለቱ አይግባቡም። በመካከላቸው ያለው መጽሐፍ አማርኛ ነው፤ የሁለቱም የአፍ መፍቻ ያልሆነ። ጣቢያውን የሚመራው ሚስዮናዊ ደግሞ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው። የማሌ ተማሪ ትንሽ ይሻለዋል፤ የማሌ ቋንቋ ከኦሜቶ ወገን ነውና። የአሪው ግን የማርቆስን ወንጌል ለማንበብ አስቀድሞ ፊደል፣ ከፊደል በኋላ አማርኛ መማር ነበረበት። መጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት የተባለው ስለዚህ በግማሹ የፊደል ትምህርት ቤት ነበረ ማለት ነው። የአሪኛ አዲስ ኪዳን የታተመው በ1997 ነው። ከደንቡ እስከዚያ ድረስ ከሃምሳ ዓመት በላይ ይቈጠራል። በእነዚህ ዓመታት የአሪ ወንጌላዊ በአማርኛ ያነበበውን በልቡ እየተረጐመ በአሪኛ ይሰብክ ነበር፤ የትርጕም ሥራ ደመወዝ ሳይከፈለው በየሰንበቱ ይተረጕም ነበር ብንል ስሕተት አይሆንም።

እዚህ ላይ ከምዕራብ ኢትዮጵያ አንድ ነገር ማነጻጸር ይጠቅማል። የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን መንገዱ ሁሉ በተዘጋበት ዘመን በምጥዋ አጠገብ በእምኩሉ ተቀምጦ ገንዘቡንና ጊዜውን በመጀመሪያ ያዋለው በትርጕም ላይ ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሠርቶ የኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 አሳተመ፤ ወደ ወለጋ ሄዶ ያስተማረው መጽሐፉን ይዞ ነው። በዚያ መጽሐፉ ቀደመ፤ ትምህርት ቤቱ ተከተለ። በባኮ ትምህርት ቤቱ ቀድሞ መጽሐፉ ዘገየ። ገንዘብ ጥቂት ሲሆን ምን ይቅደም የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ግልጽ ሆኖ ይታያል፤ መጻሕፍቱ ግን ይህን ምርጫ እንደ ምርጫ አላቀረቡትም። እርግጥ ነው፣ ደንቡ እጃቸውን አስሮ ነበር። ነገር ግን ሕግ አሰረን ማለትና ገንዘብ አጣን ማለት ሁለት ልዩ ልዩ ነገር ነው።

ስለ ወላይታዎቹ ጥቂት ልጨምር። እንደ ማሃዬ ጮራሞ ያሉት ወንጌላውያን ቤታቸውን ትተው ወደ ጎፋ፣ ወደ አሪ፣ ወደ በና አገር ወርደዋል። የላኳቸው የወላይታ ቤተ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ስንቃቸውንም ያዋጡት እነርሱ ናቸው። እንግዲህ የደቡብ ኦሞ የወንጌል ትምህርት ከወላይታ ገበሬ ጐተራም ወጥቷል ማለት ነው። በሌላ አገር ለሚገኝ የማያውቀው ሰው ልጅ ትምህርት ሲል በቆሎውን የሰጠ ገበሬ በታሪካችን ስንት ጊዜ ተጽፏል? ባሊስኪ ለዚህ ቦታ ሰጥቷል፤ ስለዚህም ከሌሎቹ ይልቅ እርሱን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

አሁን በሌላው ወገን የሚባለውን በቅንነት መስማት ያስፈልጋል። በፈረንጅ ገንዘብ ያልተሠራ ነገር ፈረንጅ ሲሄድ አይፈርስም። በ1929 ዓ.ም. ሚስዮናውያኑ ሲባረሩ የወላይታ ቤተ ክርስቲያን ያልሞተችው፣ በደመወዝ የምትኖር ባለመሆኗ ነው ይላሉ፤ ይህም ጠንካራ ማስረጃ ነው። ከአብዮቱም በኋላ የሚስዮን ጣቢያዎች በመንግሥት ሲወሰዱና የጸሎት ቤቶች በብዙ ስፍራ ሲዘጉ በየቤቱ የሚያስተምሩ ሰዎች አልጠፉም። ድኽነቱ እንደ አጥር ሆኖ ጠበቃቸው። ይህን መካድ አይቻልም። እኔ የምለው ግን አጥሩን ያጠረው ሰው ስሙ ይጻፍ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ዶናልድ ዶንሃም እንሸጋገራለን። ይህ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት የሚስዮን ሰው አይደለም፤ ስለ ማሌ የጻፈውና በ1999 የታተመው መጽሐፍ ከላይ ያሉት አራቱ የማያሳዩትን ያሳያል። የኤስ.አይ.ኤም. ሰዎች ራሳቸው የዘመናዊነትን አሳብ የሚጠራጠሩ፣ የዓለምን መጨረሻ የሚጠብቁ ሲሆኑ፣ በማሌ ዘንድ ግን የዘመናዊነት በር ሆነው ተገኙ። አብዮቱ ሲመጣና በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ሲታወጅ፣ የባላባትን ሥርዓት አስቀድሞ የናቁትና አዲሱን ነገር በደስታ የተቀበሉት እነዚያው አማኞች ነበሩ። (በዚያ ዘመን ከዩኒቨርሲቲ ወጥተው በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር የሄዱት ተማሪዎች ፊደል የሚያውቅ ገበሬ ሲያገኙ ማን እንዳስተማረው ጠይቀውት ይሆን?) ኋላ ያው መንግሥት ዞሮባቸዋል፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ሰባኪ ለማውጣት የተከፈተው ክፍል ጸሐፊም፣ አስተማሪም፣ ሊቀ መንበርም ሊያወጣ ይችላል። ከትምህርት ቤቱ ወጥቶ የመንግሥት ሥራ የያዘውን ተማሪ ሚስዮኑ እንደ ጠፋ ይቈጥረዋል። እኔም የሚስዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያወጣኝ ስለሆንሁና ሰባኪ ስላልሆንሁ በዚህ ነገር ገለልተኛ ዳኛ አይደለሁም፤ ቢሆንም የገበሬው ቤት ስንቁን ያዋጣው ልጁ እንዲያውቅ እንጂ ልጁ የአንድ ማኅበር ሠራተኛ እንዲሆን ብቻ ነው ብዬ አላምንም። የወጪውን ባለቤት ስናውቅ የፍሬውም ባለቤት ይታወቃል።

ወደ ቆላው ልውረድ። ትምህርቱ በአሪና በማሌ ሲስፋፋ በሐመርና በሙርሲ አገር እጅግ ቀስ ብሏል። ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ ምክንያት የባሕል ጥንካሬ ነው። ባሕል መጥራት ጥያቄን ለመዝጋት ስለሚመች እጠራጠረዋለሁ። በቀላሉ የወሩን ቍጥር እንመልከት። በደጋው የቡናው ለቀማ ካለቀ በኋላ፣ የበልግ ዝናብ እስኪመጣ ድረስ፣ ገበሬ ፋታ ያገኛል፤ ትምህርትም በዚያን ጊዜ ይመቻል። በቆላው ግን እነዚያው ወራት ከሁሉ የከፉ ናቸው። ጐረምሶቹ ከብቱን ይዘው ወደ ሩቅ የግጦሽ ሰፈር ሄደዋል። በኦሞ ዳር ያሉት ደግሞ ክረምት ሞልቶ የነበረው ወንዝ ሲሸሽ በጥቅምትና በኅዳር በእርጥቡ ደለል ላይ የዘሩትን ማሽላ በጥርና በየካቲት ያጭዳሉ፤ ከወፍም ይጠብቃሉ። እንግዲህ ራሱን በስንቁ የሚችል ተማሪ በደጋ ሲገኝ በቆላ የማይገኘው በወሩ ምክንያት ነው፤ ትምህርት ቤቱ የደጋ ገበሬን ጊዜ ለክቶ የተሰፋ ልብስ ነበረ። የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚስዮን በዳሰነች አገር ይህን ሳይረዳው አልቀረም። በኦሞ ዳር የሸራ ክንፍ ያላቸው የነፋስ ወፍጮ መሰል ፓምፖች እየሠራ ውሃ ወደ ማሳ ማውጣት የጀመረው ስለዚህ ይመስለኛል፤ ስለ ሥራው ፒተር ፍረንክል በ1975 መጽሐፍ አሳትሟል። ያም በጥቂት ገንዘብ የተሠራ ነበረ፤ ግን ወጪውን የጀመረው ከተማሪው ሆድ ነው።

የኦሞ ነገር ዛሬ ተለውጧል። የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ውሃ ስለያዘ የክረምቱ ሙላት እንደ ቀድሞው አይመጣም፤ በሙላቱ ላይ የቆመው የማሽላ እርሻም ተጐድቷል። በታችኛው ኦሞ ሰፊ መሬት ለስኳር ልማት ተወስዷል። ስንቅህን ይዘህ ና የሚለው አሮጌ ደንብ በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ከዱሮውም የባሰ ትርጕም አጥቷል። ዛሬ በጂንካ ወይም በዲመካ በጥቂት ገንዘብ ትምህርት ቤት ልክፈት የሚል ማኅበር፣ የውጭም ይሁን የአገር ቤተ ክርስቲያን፣ የአሪን ልምድ ወደ ቆላ በቀጥታ ቢያወርድ ሸክሙን የሚያሸክመው ጐተራው ለጐደለበት ሰው ነው።

በደጋው ራሱም ሁሉ እኩል አይደለም። በአሪ ዘንድ የሸክላና የብረት ሥራ የሚሠሩት ወገኖች ከገበሬዎቹ ተለይተው የሚታዩ ናቸው፤ ሸክላ ሠሪዎቹ ማና ይባላሉ። የጃፓኗ ተመራማሪ ሞሪዬ ካኔኮ ስለ አሪ ሴት ሸክላ ሠሪዎች በጥንቃቄ ጽፋለች፤ ከሚስዮን መጻሕፍት ጋር አብሮ ቢነበብ ጥሩ ነው። በወንጌል ፊት ማናና ገበሬ አንድ ናቸው ተብሎ ተሰብኳል፤ በስንቅ ፊት ግን አንድ አይደሉም። የገበሬ ልጅ ከማሳው ይበላል። የማና ልጅ ስንቅ የሚገኘው እናቱ ምድጃ ላይ ሳይሰነጠቅ ከወጣው፣ ተሸክማ ገበያ ካወረደችው፣ ቅዳሜ ማታ ድረስም ገዢ ካገኘው ድስትና ገንቦ ነው። የትምህርት ቤቱን ወጪ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው መዝገቡን ከዚያ ገበያ ቢጀምር መልካም ነው።